እባካችሁ አታሳጥቡት፦ በአሮጌ የወርቅ መርፌ ቤት ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

«ጋሼ፣ ንጹሕ ሆኖ እንዲያዩት ብዬ አሳጠብኩት።»

እንዲህ ያለችኝ ፓሪስ ውስጥ አንዲት አሮጊት ለዓመታት ያስታመመች እህታችን ናት። አሮጊቷ ሲያርፉ ልጆቻቸው «እማማ ይህ ላንቺ ይሰጥ ብለዋል» ብለው አንዲት ትንሽ ዕቃ አስጨበጧት። ከቦርሳዋ አወጣችልኝ። በነጭ መሐረብ ጠቅልላታለች። ስትፈታው ከመሀል ጣት ትንሽ የምትረዝም ሞላላ የወርቅ ቱቦ ናት። የመርፌ ቤት፣ የስፌት መርፌ የሚቀመጥባት። የ18ኛው ክፍለ ዘመን የፓሪስ ሥራ። ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ መስተዋት ታብለጨልጫለች።

ልቤ ስብር አለ።

ከማሳጠቧ በፊት ያነሳችው ፎቶ ስልኳ ላይ ነበር። አጉልቼ አየሁት። መሀሏ ላይ ሁለት ርግቦች አፍ ለአፍ ገጥመዋል። ከበላያቸው ችቦና የፍላጻ ሰገባ ተመሳቅለው በጥብጣብ ታስረዋል። የርግቦቹ የክንፍ ላባ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከዚያ ዕቃዋን አነሳሁ። ላባ የለም። ርግቦቹ ሁለት የተላጡ ባቄላዎች መስለዋል። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የቆየ የእጅ ሥራ በአንድ ከሰዓት ሄደ።

እሷን አልቆጣም። ወርቅ ሲደበዝዝ ማሳጠብ ልማዳችን ነው። እኔም የአንጥረኛ ልጅ ነኝ፤ ያደግኩት ፒያሳ አባቴ ወርቅ ቤት ውስጥ ነው። አሁን ኑሮዬ አውሮፓ ነው፤ ሥራዬም እንዲህ ያሉ አሮጌ ጥቃቅን የወርቅ ዕቃዎችን መጠገን ነው። ይህን ስህተት ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቁጥሩ ጠፍቶኛል። ውጭ ያለ ወገናችን እጅ እንዲህ ያለ ዕቃ የሚገባበት አጋጣሚ ደግሞ ጥቂት አይደለም። አንዱ በስጦታ ያገኘዋል። ሌላው ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ይገዛዋል። ስለዚህ የማየውን ልጻፍላችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ማሳጠብ፣ ማስወልወል፣ ፖሊሽ ማስደረግ

ከሁሉ የከፋው ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የዘወትር ቀለበት ሲወለወል ብዙም አይጎዳም። ቢጎዳም ሌላ ይሠራል። የመርፌ ቤት ግን ሌላ ነገር ነው። ወርቁ ስስ ነው። ጌጡም ከሜዳው የሚነሳው በጣም ጥቂት ነው፤ አንዳንዱ ከጥፍር ውፍረት አይበልጥም። ባለሙያው አንዲት ርግብ ሲያወጣ በትንንሽ ብረቶችና በቀላል መዶሻ እየመታ ነው። ላባውን በአንድ ብረት፣ ዓይኗን በሌላ ብረት። ከጀርባዋ ያለውን ሜዳ ደግሞ ሆን ብሎ ያደበዝዘዋል። ጫፉ ሻካራ የሆነ ብረት ይይዝና ነጥብ በነጥብ ይመታዋል። ለምን ብትሉ፣ ሜዳው ሲደበዝዝ ርግቧ ብቻዋን ታበራለች። ሥዕሉ የሚታየው በዚህ ልዩነት ነው።

የመወልወያ ማሽን ይህን አያውቅም። ሜዳውንም ርግቧንም እኩል ያበራል። ሁሉም ሲያበራ ምንም አይታይም። ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ፖሊሽ ማለት ወርቅ መቀነስ ነው። ያ ብርሃን የሚመጣው የላዩ ቆዳ ተልጦ ነው። የተላጠውን የሚመልስ ባለሙያ የለም። እኔም አልመልሰውም። ብዙዎች «ትንሽ ብታስተካክሉት» ብለው ይመጣሉ፤ ላባውን እንደገና ልምታ ብል የእኔ ርግብ እንጂ የዚያ ሰው ርግብ አትሆንም።

ቀለሙም አለ። ከእነዚህ ዕቃዎች ብዙዎቹ ያጌጡት በአራት ዓይነት ወርቅ ነው። ቢጫ፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ነጭ። ቀለም ተቀብተው አይደለም። ወርቁ ውስጥ መዳብ ሲበዛ ይቀላል። ብር ሲጨመርበት ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ቅጠሉ ከአረንጓዴው፣ ጽጌረዳው ከቀዩ፣ ርግቧ ከነጩ ይሠሩና ከላይ ይበየዳሉ። ልዩነቱ ረቂቅ ነው። ዕቃውን መስኮት አጠገብ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ስታዞሩት ነው የሚገለጥላችሁ። ከተወለወለ በኋላ ግን ብልጭታው ዓይን ይወጋል፤ አረንጓዴውም ቀዩም በዚያ ውስጥ ይሰጥማል።

«ግን እኮ ስንጥቁ ውስጥ ጥቁር ነገር አለ» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ አለ። ላባን ከላባ የሚለየው ያ ጥላ ነው። ተዉት።

እኔም አድርጌዋለሁ። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት አንድ የመርፌ ቤት ተሰጠኝ። የግሪኮች ተረት ጀግና ሄርኩለስ ቆሞበታል፤ የአንበሳ ቆዳ ትከሻው ላይ ጣል አድርጓል። ጎፈሩ ውስጥ የገባውን ጥቁረት ላውጣ ብዬ በጨርቅና በመወልወያ ቅባት አሸሁት። አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። አለቃዬ አልጮኹብኝም። ቀድሞ የተነሳውን ፎቶና ዕቃውን ጎን ለጎን አስቀመጡና ማጉያ መነጽሩን ሰጡኝ። «እይ» አሉኝ። ሌላ ቃል አልተናገሩም። ጎፈሩ የነበረበት ቦታ ለስላሳ ጉብታ ሆኗል። ያ ጉብታ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ለስላሳ የሥዕል ብሩሽ ውሰዱ። አዲስና ደረቅ ይሁን። አቧራውን ጠረግ ጠረግ አድርጉ። የጣት ቅባት ካለው በንጹሕ ጥጥ ጨርቅ ሳትጫኑ አበስ አድርጉት። ይህ ብቻ ይበቃል። ሎሚ፣ የጥርስ ሳሙና፣ አመድ የሚባል ነገር አታስጠጉት። ኢናሜል፣ ማለትም ወርቁ ላይ በእሳት የቀለጠ ባለቀለም መስታወት፣ ያለበት ከሆነ ውሃም አይንካው። ወርቅ ቤቶች ያላቸው በድምፅ ሞገድ የሚያጥብ ትንሽ ገንዳ ደግሞ የተሰነጠቀ ኢናሜልን ያረግፈዋል።

«ስንት ግራም ነው?» ብሎ መጀመር

የመጀመሪያው ጥያቄ ሁሌም ይህ ነው። ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ለእናቶቻችን ወርቅ ባንክ ነው፤ የክፉ ቀን መጠባበቂያ ነው። ሚዛን ላይ ይወጣል፣ በዕለቱ ዋጋ ይባዛል፣ አለቀ። አባቴም እኛን ያሳደገን በዚያ ሚዛን ነው።

ያ ሚዛን ግን ለመርፌ ቤት አይሆንም። ውስጡ ባዶ፣ ግድግዳው ስስ ነው። በግራም ብትሸጡት እምብዛም አታገኙበትም። ሰብሳቢ የሚከፍለው ለእጅ ሥራው፣ ለባለሙያው ማንነትና ለላባዎቹ ነው።

ለምን ጥቂት ብቻ እንደተረፉ ልንገራችሁ። ወርቅና ብር የተሠራበት ጌጥ ሁሌም ምድጃ ያሰጋዋል። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በ1689 ለጦርነት ገንዘብ ሲያጥረው የቬርሳይ ቤተ መንግሥቱን የብር ዕቃዎች አስቀልጧል። የፈረንሳይ አብዮት በፈነዳበት ዓመት ደግሞ፣ መስከረም 7 ቀን 1789፣ የሠዓሊያን ሚስቶችና ሴት ልጆች ብሔራዊ ጉባኤው ፊት ቀርበው የአገሪቱን ዕዳ ለማቃለል ጌጣቸውን ለገሱ። ብዙዎች ተከተሏቸው። እናንተ እጅ የገባችው ትንሽ ቱቦ ከዚያ ሁሉ እሳት ያመለጠች ናት።

አንድ ወንድሜ የአንዱን ፎቶ ያሳየኝ ከሸጠው ከሳምንት በኋላ ነበር። በግራም ነው የሸጠው። እዚያው ቁጭ ብለን ደወልን። ቀልጧል።

ኩፒድን መልአክ ማለት

ይህ የእኛ ሰው ስህተት ነው። ስለዚህ በፍቅር ነው የማነሳው።

ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያየ ሰው ክንፍ ያለው የሕፃን ፊት ሲያይ ሌላ ምን ይላል? ኪሩቤል ይላል። መርፌ ቤቱ ላይ ያለው ክንፋም ልጅ ግን ኪሩብ አይደለም። እጁን እዩ። ቀስት ከያዘ፣ ፍላጻ ከሳለ፣ ችቦ ከለኮሰ ኩፒድ ነው፤ በጥንት ሮማውያን ተረት የቬነስ ልጅ፣ የፍቅር አምላክ። ግሪኮቹ ኤሮስ ይሉታል። አጠገቡ ያሉት ርግቦች የእናቱ የቬነስ ናቸው። ችቦና የፍላጻ ሰገባ ተመሳቅለው ከታሰሩ ባለቤቱ ባይታይም እሱ ነው። ትርጉሙም ዕቃው የፍቅር ስጦታ ነው ማለት ነው። ሙሽራ ለሙሽሪት፣ ወዳጅ ለወዳጁ የሰጠው ነው።

ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል። አንዲት እናት የመርፌ ቤት ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ጊዮርጊስ አለበት» አሉኝ። አየሁት። ፈረሰኛ አለ፣ አውሬ አለ፣ የምታለቅስ ሴት አለች። እውነትም የእኛን ሥዕል እያየ ላደገ ዓይን ቅዱስ ጊዮርጊስና ብሩታዊት ናቸው። ግን ፈረሱ ክንፍ አለው። ሴቲቱ የተቀመጠችው ዛፍ ላይ አይደለም፤ እጇ በሰንሰለት ከዓለት ጋር ታስሯል። አውሬውም የወጣው ከባሕር ነው። ይህ የግሪኮቹ ተረት ጀግና ፐርሴዎስ ነው። የታሰረችው አንድሮሜዳ ናት።

እዚህ ላይ እናትየዋ ደነገጡ። ቀጥዬ የነገርኳቸው ግን ቀና አደረጋቸው። በግሪኮቹ ተረት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስና የንግሥት ካሲዮፔያ ልጅ ናት። እናቷ በውበት ተመክታ የባሕር አማልክትን ስላስቆጣች ነው ልጅቷ ለአውሬ የተሰጠችው። ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ሲሉ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ የጥቁር ሕዝብ ምድር ነው፤ የዛሬዋን ካርታችንን ብቻ አይደለም። የፓሪስና የለንደን ባለሙያዎች አብዛኛውን ጊዜ ነጭ አድርገው ሠርተዋታል። ቢሆንም ስሟ ከዚያ ምድር ጋር የተሳሰረ ነው። እናትየዋ መነጽራቸውን አስተካክለው ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ጣዖት ቤቴ ላስቀምጥ?» ብለው የሚጠይቁኝም አሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ዕቃዎቹን ያሠሩት ሰዎች የተጠመቁ ክርስቲያኖች ነበሩ። ለቬነስ አልሰገዱም። በእሳተ ገሞራ የተቀበሩት የጥንት ሮማውያን ከተሞች፣ ሄርኩላኒየም በ1738፣ ፖምፔይ በ1748 መቆፈር ሲጀምሩ ከአመድ ሥር የወጣው ሥዕልና ጌጥ አውሮፓን አስደነቀ። የጥንቱ ሁሉ ፋሽን ሆነ። ከ1760ዎቹ ጀምሮ የፓሪስ አንጥረኞች ያንን ዓለም በወርቅ ላይ አወረዱት። ቬነስ ፍቅር ማለት ነበረች፣ ሚነርቫ ጥበብ፣ ባኩስ የወይን ደስታ። አስፈርቷቸው ዕቃው ላይ ያለችውን ሴት ፊት በምስማር የፋቁ ሰው ዕቃ አይቻለሁ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ካልወደዳችሁት ለሚወደው ስጡት።

ሥዕሉን ለማንበብ ፊት አትዩ። እጅ፣ እግርና አጠገብ ያለውን ነገር እዩ። ጨረቃ ግንባሯ ላይ ካለችና ውሻ ከተከተላት የአደን አምላክ ዲያና ናት። ሁለት እባብ የተጠመጠመበት በትር የአማልክት መልእክተኛ የሜርኩሪ ነው፤ አንድ እባብ ብቻ ከሆነ የሐኪሙ የአስክሌፒዮስ ነው። የቢራቢሮ ክንፍ ያላት ወጣት የኩፒድ ፍቅረኛ ፕሲኬ ናት። ሄርኩለስ የሴት ልብስ ለብሶ ሱፍ ሲፈትል ካያችሁ ባለሙያው አልተሳሳተም፤ ንግሥት ኦምፋሌ ባሪያዋ አድርጋው ነው። ለመርፌ ቤት ከዚህ የተሻለ ተረት የት ይገኛል?

አንዳንዱን ደግሞ እኛ ከፈረንጆቹ ቀድመን እናውቀዋለን። የሙዚቃ አምላክ የአፖሎ መሣሪያ የክራርና የበገና ዘመድ ነው፤ እዩት፣ ቀንበሩም ክሩም እዚያው አለ። ሦስት ሴቶች ክር ይዘው ከታዩ የዕጣ ፈንታ እህትማማቾች ናቸው። ክሎቶ የሰውን ዕድሜ ትፈትላለች፣ ላኬሲስ ትለካለች፣ አትሮፖስ በመቀስ ትቆርጣለች። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የክሎቶን እጅ እያየ «በትር ነው? ዋሽንት ነው?» ብሎ ግራ ተጋባ። እናቴ በረንዳ ላይ ስትፈትል ነው ያደግኩት። እንዝርት መሆኑን ለማወቅ ማጉያ መነጽር አላስፈለገኝም።

ማኅተሙን ከጌጡ ጋር መቀላቀል

አንድ ወጣት በደስታ ጻፈልኝ። የገዛው የመርፌ ቤት ጠርዝ ላይ ሚነርቫ የራስ ቁር አድርጋ ተቀርጻለች። «የጥበብ አምላክ የተደበቀ ምልክት» ብሎ አሰበ። ምስኪን፣ ብዙ ከፍሏል። የሚነርቫ ራስ በፈረንሳይ ከ1838 ጀምሮ የብር ማኅተም ነው፤ ማኅተም ማለት ዕቃው ከምን እንደተሠራ ለማረጋገጥ የሚመታ ትንሽ ምልክት ነው። ዕቃው ብር ነው፤ ወርቅ ተቀብቷል። ያቺ የጤፍ ፍሬ የምታህል አምላክ እውነቱን እየነገረችው ነበር።

የፈረንሳይ ማኅተሞች ራሳቸው የተረት መንደር ስለሚመስሉ ጀማሪ ቢሳሳት አይገርምም። የሜርኩሪ ራስ ከ1879 ጀምሮ ወደ ውጭ ለሚላክ ዕቃ የሚመታ ነው። ጉጉት ግሪኮቹ ሚነርቫን የሚሏት የአቴና ወፍ ናት፤ ጠርዝ ላይ በትንሹ ተመታ ስታዩዋት ግን ከ1893 ጀምሮ ከውጭ የገባ ወይም ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ወርቅ ማለት ናት። የንስር ራስ ከ1838 ጀምሮ የ18 ካራት ወርቅ ነው። አውራ ዶሮው ከ1797ቱ የማኅተም ሕግ በኋላ የመጣ ነው።

እዚህ ላይ ተቃራኒው ስህተትም አለ። «ንስር አለበት፣ ስለዚህ ከ1838 በኋላ የተሠራ ነው» ማለት አይቻልም። አሮጌ ዕቃ እንደገና ለሽያጭ ሲቀርብ አዲስ ማኅተም ይመታበታል። አንድ ዕቃ ላይ የሁለት ዘመን ምልክት መኖሩ የተለመደ ነው። ከአብዮቱ በፊት የነበረውን ፈልጉ። የባለሙያው ምልክት ዘውድ ያለው የሊሊ አበባ፣ ሁለት ትንንሽ ነጥቦች፣ የስሙ የመጀመሪያ ፊደላትና የራሱ መለያ አለው። የአንጥረኞች ማኅበሩ ምልክት በየዓመቱ የሚለወጥ ባለዘውድ ፊደል ነው። የቀረጥ ምልክቶቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሥራው ሲጀመር፣ ሌላው ቀረጡ ተከፍሎ ሲያልቅ ይመታሉ። የመጨረሻው በጣም ትንሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ የእንስሳ ራስ ነው።

ሁለቱንም ግማሾች እዩ። ክዳኑ ላይ ያለውና ታችኛው ላይ ያለው ካልተስማሙ አንዱ ከሌላ ዕቃ የመጣ ሊሆን ይችላል። ምልክት አለ ብላችሁም አትተኙ። ጄኔቫ ውስጥ የፓሪስን ምልክት የሚመስል ይመቱ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጀርመን ከተማ ሃናው የድሮውን ፋሽን አስመስላ ከነምልክቱ ትሠራ ነበር። እነዚያም ቆንጆ ሥራዎች ናቸው፤ ዋጋቸው ግን ሌላ ነው።

ቶሎ ቶሎ ልበላቸው

አታዙሩት። አብዛኞቹ ተስበው ነው የሚከፈቱት። ውስጥ ያለችው ስስ የወርቅ አንገት በማዞር ትበላለች፤ ከዚያ ክዳኑ ይላላል፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ ይወድቃል። ሲዘጋ የላዩና የታቹ ሥዕል መስመር ለመስመር መግጠም አለበት።

ቱቦ ሁሉ የመርፌ ቤት አይደለም። ታቹን ገልብጡ። ጠፍጣፋ የማኅተም ፊት ካለው የደብዳቤ ማሸጊያ ሰም መያዣ ነው። ውስጡ መቀስ፣ ጉጠት፣ ቢላና እርሳስ የሚገባባቸው ክፍሎች ካሉት ደግሞ ሙሉ የዕቃ መያዣ ነው፤ ፈረንሳዮቹ ኤትዊ ይሉታል። እንግሊዞች ጉጠትን «ትዊዘርስ» የሚሉት ከዚያ ቃል ነው። የዝሆን ጥርስ ካለበት ድንበር ከማሻገራችሁ በፊት ሕጉን ጠይቁ፤ ኬላ ላይ ተወርሶ ሲቀር አይቻለሁ።

ቢጫ ሁሉ ወርቅ አይደለም። ክሪስቶፈር ፒንችቤክ የሚባል የለንደን ሰዓት ሠሪ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ መዳብና ዚንክ ቀላቅሎ ወርቅ የሚመስል ብረት አወጣ። ብዙ የመርፌ ቤት በዚያ ተሠርቷል። ታዲያ ለመለየት ብላችሁ በሞረድ አትፋቁት፣ አሲድም አታንጠባጥቡበት። ውሃ ውስጥ ከትቶ መመዘንም ባዶ ቱቦ ላይ ያሳስታል፤ ውስጡ የቀረው አየር ቁጥሩን ያበላሸዋል። በኤክስሬይ የሚያነበው መሣሪያ ደግሞ ላዩን ብቻ ስለሚያይ የተቀባውን ወርቅ እንደ እውነተኛ ይቆጥረዋል። ማኅተም በሚያነብ ሰው ማስየት ይቀድማል።

የጎደጎደውን አታስጠግኑ። በተለይ በቆርቆሮና በእርሳስ ብየዳ አታስነኩት። እርሳስ የነካው ወርቅ ሲሞቅ ይበላል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አንጥረኛ እሳት ሊያስጠጋው አይደፍርም። ትንሽ ጎድጓዳ የዕድሜው አካል ነው።

በሥልክ ፎቶ ብቻ ዋጋ አትጠይቁኝ፤ ሌላውንም አትጠይቁ። ዋጋ ከመጠየቅ በፊት ዓይን ይልመድ። ፓሪስ ያላችሁ ማሬ ሰፈር የሚገኘው የኮኛክ ዤ ሙዚየም ግቡ፤ ቋሚ ስብስቡን ለማየት አይከፈልም። ለንደን ያላችሁ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የጊልበርት ስብስብ የሚባለውን የወርቅ ሣጥኖች እዩ። ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ውስጥ የአሜሪካው ባለባንክ ፒርፖንት ሞርጋን የሰበሰባቸው አሉ። መስታወቱ ላይ ጠጋ በሉና ሜዳው እንዴት እንደደበዘዘ፣ ላባው እንዴት እንደቆመ ተመልከቱ። ያልተወለወለ ዕቃ አንዴ ያየ ዓይን ከዚያ በኋላ አይታለልም።

ውስጡን ሳያዩ ማራገፍ

ይህን ብዙ ሰው ስህተት ነው ብሎ አያስበውም። አሮጌ መርፌ ሲያይ ዝገት ነው ይልና ቆሻሻ ላይ ያራግፈዋል። የዛገ መርፌ ውስጥ እንዲቀር አልፈልግም፤ ዝገቱ ውስጡን ይፍቃል፣ መርፌውም ተጣብቆ ይቀራል። ግን አውጥታችሁ በወረቀት ጠቅልሉት። መርፌው ቀጭን ይሁን ወፍራም፣ ዓይኑ ክብ ይሁን ረጅም፣ ባለቤቱ ምን ይሰፋበት እንደነበር ይናገራል። አንዳንዴ የተጣጠፈ ወረቀት ይገኛል። አንዳንዴ ክር።

ያችን እህታችንን «ከፍተሽው ታውቂያለሽ?» አልኳት። «እማማ ካረፉ በኋላ አልከፈትኩትም» አለች። ያሳጠበችበት ወርቅ ቤትም የነካው ከውጭ ብቻ ነው። ሁለቱን ጫፎች ይዤ ሳላዞር ቀስ ብዬ ሳብኩት። አንገቱ ላይ የድሮው ቀለም አልተነካም። ከክዳኑ ሥር ተሸሽጎ ስለኖረ ማሽኑ አልደረሰበትም። ባለዘውዱ ፊደልም እዚያው አለ፤ ጥርት ብሎ ይነበባል። ማጉያውን ሰጠኋትና አየችው።

ከዚያ ጨርቅ ዘርግቼ ቱቦዋን አዘነበልኩ። ሁለት መርፌዎች ወጡ። አንዱ ባዶ ነው። ሌላው ላይ የስንዝር ያህል ሰማያዊ ክር አለ፤ ጫፉ ተቋጥሯል።

እጇን አፏ ላይ አደረገች። አሮጊቷ እስከ መጨረሻው የትራስ ልብስ ይጠልፉ ነበር፣ ዓይናቸው ግን ደክሞ ነበር።

«ይህን ክር ያስገባሁላቸው እኔ ነኝ» አለችኝ።